ሣሩን ሲጠብቁ ቀበሮው ተረፈ

የመንዝ ገበሬ ጓሳ የሚከፈትበትን ቀን የሚሰማው ገበያ መሐል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ቀብር ላይ ነበር። ሰው በብዛት የሚገናኘው እዚያ ነውና አዋጁም እዚያው ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ መልእክተኛ አያሻውም፣ ከጎጆ ወደ ጎጆ ራሱ ይሄዳል። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ በጋው ጠንቶ የከብቱ አጥንት መቆጠር ሲጀምር ነው። ማጭድ ይሳላል፣ ገመድ ይጠበቃል፣ አህያ ይጫናል። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ስለት ሳይነካው የከረመው ሣር ሊታጨድ ነው።

ሣሩ ጓሳ ይባላል፤ አገሩም ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ይደርሳል፤ በጣሊያን ጊዜ በተቦረቦረው ዋሻ አፍ አጠገብ ዋናውን የደሴ መንገድ ይተውና በደጋው ጀርባ ላይ ወደ ሰሜን ያቀናል። ጉዞው በጠቅላላው 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውርጫማ ምድር ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በዚያ የሚፈሰው ውኃ አዋሽን ሲቀላቀል በምዕራብ የሚፈሰው ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንድ ካፊያ ላይ የወረደ ውኃ ተካፍሎ፣ እኩሌታው አፋር በረሃ ውስጥ ሲቀር እኩሌታው ሱዳንና ግብፅ ይደርሳል።

ዛሬ ወደዚያ የሚወጣው እንግዳ ካሜራውን አንግቶ የሚፈልገው ሁለት ፍጥረት ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ጓሳም በመጽሔትና በጉዞ መመሪያ የሚነሣው በእነርሱ ስም ነው። የቦታው ታሪክ ግን ሲነገር ቀበሮ ከየትም አይመጣም። መንዞች ይህን ተራራ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የጠበቁት ጣራቸውን ለመክደን ነበር።

ነገሩ የሚገባው ደጋ ላይ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው ነው። መንዝ ዛፍ የጠፋበት አገር ነው፤ ቤቱ ከድንጋይ ይሠራል፣ ጣራው ግን ድንጋይ ሊሆን አይችልም። ጓሳ ረጅም፣ ጠንካራና ውኃ የማያስገባ ሣር በመሆኑ ለክዳን የሚስተካከለው አልነበረም። ከክዳኑ የተረፈው ገመድ ይሆናል፣ መጥረጊያ ይሆናል፣ ለመኝታ ይጎዘጎዛል። እረኛው በሐምሌ ዶፍ የሚለብሰው ገሳም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ከሣሩ ጎን የሚበቅለው ጨረንፌ የተባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ማገዶ ነው፤ ከኩበት ሌላ እሳት በማይገኝበት ቀዬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጋው ሲከፋ ደግሞ ለበጉና ለከብቱ የመጨረሻው ግጦሽ ጓሳ ነው። እንግዲህ ይህን ተራራ አራቁቶ የጨረሰ ትውልድ ልጆቹን በሚያፈስ ጣራ ሥር፣ ያለ እሳት፣ ያለ ጥሪት ሊያስቀምጣቸው ነው ማለት ነው።

የአገሬው ትውፊት ነገሩን ከ17ኛው መቶ ዘመን ይጀምረዋል። የዚያ ጊዜ መንዝ እንደገና በመቅናት ላይ ያለ አገር ነበር። ቀድሞ በነበረው መቶ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት ሸዋን አናውጦት ስለነበር፣ ወደ ብርዱ ደጋ የወጡት ሰዎች መሬት እየያዙ የሚሰፍሩበት ዘመን ነው። የመንዝ ሦስቱ ምድሮች፣ ማማ፣ ላሎና ጌራ፣ ስማቸውን ያገኙት ከአቅኚዎቹ እንደሆነ ይነገራል። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ አጋንቻ ተነሥቶ፣ በኋላ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ የደረሰውን የሸዋ ገዢዎች ሐረግ ጀመረ። የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል የሚያወራው ስለዚህኛው መንዝ ነው። የሣሩን ታሪክ ግን ጸሐፊ አልያዘውም፤ በአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

በዚህ ትውፊት ጓሳን የከለሉት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው። መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። መንዝ ፈረስ የሚወድ አገር ስለሆነ ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነት ይሁን ጌጥ ማንም አይፈርድም። ከግልቢያው ይልቅ የሚገርመው ከእርሱ በኋላ የሆነው ነው። ሁለቱ አባቶች የደረሳቸውን ሁሉ ለእርሻ አልቆራረሱትም፤ ከፍተኛውን ክፍል ለግጦሽና ለሣር ብለው ለዘራቸው በጋራ አስቀሩት። የአስቦና የጌራ ልጆች የልጅ ልጆች በዚያ ላይ የጋራ መብት ነበራቸው። መብቱ የሚገኘው እንደ ማንኛውም ርስት በትውልድ ነው፤ ከሁለቱ አባቶች የአንዱ ዘር መሆኑን መቁጠር የቻለ ድርሻ አለው።

ይህን የጋራ ሀብት የሚያስተዳድረው ሥርዓት ቀሮ ይባል ነበር። የበላዩ አፈሮ ነው። አፈሮ ከቤተ መንግሥት የሚሾም ሹመኛ አልነበረም፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት፣ ዳር ድንበሩን የሚያውቅ፣ ሣሩን አይቶ ደረሰ ወይም አልደረሰም የሚል ሰው ነው። አስቦ አንድ፣ ጌራ አንድ አፈሮ ነበራቸው። ጓሳ ይዘጋ ያለ ጊዜ መዘጋቱ ለሁሉም ነው፤ ሣር ማጨድ የለም፣ ከብት ማሰማራት የለም፣ እንጨት መልቀም የለም። የሚዘጋበት ዘመን ቁርጥ ያለ ቁጥር አልነበረውም። ሣሩ ቶሎ ካደገ ሦስት ዓመት ይበቃል፣ ከዘገየ እስከ አምስት ይሄዳል። ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማውን ረጅም የተፈጥሮ ጥበቃ ዕቅድ አፈሮው በዓይኑና በእጁ ዳስሶ ይጨርሰው ነበር።

ጥበቃውም የደመወዝ አልነበረም። ከየቤቱ አቅም ያለው ወንድ ተራ ደርሶት ተራራውን ይዞራል። ተራውን ያጓደለ ይቀጣል። ተደብቆ ሲያጭድ የተያዘማ ጉዱ ይፈላ ነበር፤ ቅጣቱ ከግርፋት እስከ ቤት ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ቅጣቱ ጨካኝ ነው፤ ምፀቱ ግን አይካድም። ጣራውን በተሰረቀ ሣር የከደነ ሰው ጣራው ይነድዳል፤ ሌላ ጣራ ለመሥራት ደግሞ ጓሳ እስኪከፈት መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

ሲከፈትስ? ተራ ነበረው። መጀመሪያ የሚገባው ማጭድ ነው። ሁሉም የሚችለውን ያህል አጭዶ ከጨረሰ በኋላ ከብት ይገባል፤ የተረፈውን ቃርሚያ እየጋጠ በጋውን ይወጣል። ማገዶውም በዚያው ወቅት ይለቀማል። ከዚያ ሰማዩ መጥቆር ይጀምርና ሐምሌ አቦ ሲደርስ ተራራው ዳግም ይዘጋል። ሐምሌ 5 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ የሚገባበት፣ ሣሩ ሥሩን የሚያድስበት፣ ጭቃ ላይ የረገጠ ሰኮና የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ ነው፤ የአገሬው ሰው ደግሞ ቀኑን ከበዓል ጋር ሲያያይዘው አይረሳውም። የአቦን ሥዕል የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚሣሉት በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ነው። የዱር አራዊት ወዳጅ በሆኑት ቅዱስ ቀን ተራራው ለአራዊቱ ይለቀቃል። ይህን ሆን ብሎ ያደረገው ሰው መኖሩ ያጠራጥራል፤ የሚያምር ግጥምጥም መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ቀሮን የፍጹም ደግነት ሥርዓት አድርጎ መሣል ይቀናል፤ ብዙዎችም እንዲያ ይሥሉታል። ነገር ግን አጥሩ ሁለት በኩል ነበረው። ከአስቦና ከጌራ ዘሩን መቁጠር ያልቻለ ሰው፣ ጎረቤት ሆኖም፣ ያንኑ ብርድ እየተካፈለም፣ ከጓሳ አንዲት እፍኝ ሣር መብት አልነበረውም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረው ገባር ርስት ከሌለው ተራራውን የሚያየው ከሩቅ ነው። ሥርዓቱ የጸናው አንዱ ምክንያት ይኸው ማግለሉ ነበር፤ ተጠቃሚው ውስን ሲሆን ሣሩም ይበቃል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ የመንዝን ገበሬ ኑሮ ሲተርክ ርስት ለዚያ ሰው ከመሬትነት ያለፈ ክብርና ማንነት እንደነበረ ያሳያል። ለባለርስቱ ክብር የሆነው ነገር ለሌላው ደጅ መጥናት ነበር።

እናም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ ሲነገር መንዝ ላይ ሁለት ስሜት ሰፈነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር የአፈሮ ሥልጣን ቀረ፤ ቀሮም አብሮ ወደቀ። ትናንት ከአጥር ውጭ የነበረው ዛሬ የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ መብት አለኝ አለ፤ መብቱም ተገቢ ነበር። ችግሩ በአንድ አዋጅ መብቱ ሲሰፋ ጠባቂው መጥፋቱ ነው። ጓሳ የሁሉም በሆነ ማግሥት የማንም ሆነ። የሚዘጋበት ዓመት ቀርቶ ማጭዱ በክረምትም በበጋም ይገባ ጀመር፤ ከብቱ ሣሩ ሳያፈራ ጋጠው፤ በጠርዙ ያለው እርሻም ወደ ላይ ገፋ። ለዘመናት የቆየ ልማድ ለመላላት ጥቂት ዓመታት በቁት።

ሌላ ቦታ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። በአገራችን ደጋዎች ላይ እንዲህ ያለ ሣር የነበራቸው፣ ዛሬ ግን ገብስና ድንች ብቻ የሚታይባቸው ተራሮች ብዙ ናቸው። መንዞች ግን አዲሱን ማኅበር ይዘው አሮጌውን ሥራ ለመሥራት ሞከሩ። በዘር ፋንታ የቀበሌ ገበሬ ማኅበራት ተወካዮች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በአፈሮ ፋንታ ሊቀ መንበር መረጡ። መዝጋትና መክፈት በመተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ። ቅጣቱ ቤት ማቃጠሉ ቀርቶ በገንዘብና በሸንጎ ሆነ። እንደ ድሮው የጠነከረ አልነበረም፤ ሣሩም እንደ ድሮው አልቆመም። ነገር ግን ተራራው ሙሉ በሙሉ ከመታረስ ዳነ፤ ትናንት የተገለለውም ገብቶ ድርሻ አገኘ። የመንዝ ሰው ሥርዓቱን ያዳነው ስሙንና ሹሙን እንዲለውጥ ፈቅዶ ነው፤ ከግልቢያው ትውፊት ይልቅ ይሄኛው ታሪክ የበለጠ ሊነገር ይገባው ነበር።

ቀበሮው ወደ ታሪኩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ለሳይንስ ዓለም ቀይ ቀበሮን ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ጭላዳንም የገለጸው እርሱ ነው። ሁለቱንም ያገኛቸው በሰሜን ተራሮች ስለነበር የቀበሮው የሳይንስ ስም እስከ ዛሬ «ሰሜን»ን ይጠራል። መንዝ ውስጥ ግን እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቀበሮውን በቅርብ ያጠናው ሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘላለም ተፈራ ወደ ጓሳ ወጥቶ ቀበሮውንና የቀሮን ታሪክ አንድ ላይ ማጥናት ጀመረ። ዛሬ ስለ ቀሮ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተጻፈው እርሱ ከአገሬው ሽማግሌዎች ከሰበሰበው ነው። ሣር ለጣራ የጠበቁት ሰዎች ሳያስቡት አንድ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ያለ እንስሳ ማሳደራቸው ያኔ ጎልቶ ታየ።

ምሥጢሩ አይጥ ነው። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ ወይም እንደ ተኩላ ትልቅ አድኖ የሚበላ አይደለም፤ ምግቡ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አይጥና አይጠ መጎጥ ነው። አይጡ ደግሞ የሚኖረው በጓሳ ጉጦች መካከል ነው፤ ሣሩ ከብርድም ከጭልፊትም ይሸፍነዋል። ሣሩ ሲጋጥና ሲረገጥ አይጡ ይሳሳል፣ አይጡ ሲሳሳ ቀበሮው ይጠፋል። ይህ በቃል የሚነገር ሥጋት ብቻ አይደለም። እዚያው ሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ የለም። በደቡብ ወሎ ጉጉፍቱ ላይ ነበር፤ የለም። በጎጃም ጮቄ ተራራም እንዲሁ ጠፍቷል። በመላ አገሪቱ ያሉት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹም ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። ጓሳ የሚያኖረው ጥቂት አሥሮችን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዙሪያው ባሉት ተራሮች ዜሮ ሲጻፍ እዚህ አልተጻፈም።

ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የጭላዳ ተመራማሪዎች ጓሳ ላይ ሰፍረው፣ አንድ መንጋ እስኪለምዳቸው ድረስ ቆይተው፣ ቀን በቀን መመዝገብ ጀመሩ። የታየው ነገር አስገራሚ ነው። ጭላዳ ሣር በሊታ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ዝንጀሮች ፍሬ ፍለጋ ዛፍ አይወጣም፤ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ጠዋት ወጥቶ ሜዳው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሣር ይለቅማል። በ2009 እ.ኤ.አ. አንበጣ ጓሳን ሲወር ግን ይህ ሣር በሊታ ሣሩን ትቶ አንበጣ መቃም ጀመረ። ከዚህም የሚበልጠው የቀበሮው ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሰተት ብሎ ይገባል፤ ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራው 25ቱ ይሳካለታል፤ ከጭላዳ ጋር ሆኖ ሲያድን ግን 67ቱ። መንጋው ሣሩን ሲያነቃንቅ አይጡ ከጉድጓዱ ይወጣል ወይም የቀበሮውን ኮቴ ከጭላዳው ኮቴ መለየት ያቅተዋል ተብሎ ይገመታል። ያም ሆነ ይህ፣ ቀበሮው የሚታገሡት ጎረቤቶች አሉት።

በ2012 እ.ኤ.አ. የአማራ ክልል መንግሥት ደንብ አውጥቶ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አቋቋመው። ከባሌና ከሰሜን ብሔራዊ ፓርኮች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚያን የሚያስተዳድረው መንግሥት ሲሆን ጓሳን የሚያስተዳድረው ሣሩን የሚያጭደው ሰው ራሱ ነው። ጠባቂዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያም ተሠርቶለታል፤ በፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ የተቋቋመ ሲሆን የሚያስተዳድረው ግን ያው ማኅበረሰቡ ነው። ውርጩ በሌሊት ድንጋይ የሚሰነጥቅ ያህል ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ገደሉ ጫፍ ላይ ስትወጣ ጭላዳዎቹ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ይሞቃሉ። ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይታያል፣ ጋጋኖው በአየር ላይ እያንቋረረ ያልፋል። እንግዳ የሚወድደው ሰዓት ይኼ ነው።

ግን ጣራውን ወደ ላይ ቀና ብሎ ያየ እንግዳ ሌላ ነገር ያስተውላል። መሐል ሜዳ ዛሬ ቆርቆሮ ነው። ወደ ገጠሩም ቆርቆሮ በየዓመቱ እየገፋ ነው፤ የሚፈልገውም ትክክል ነው፣ ቆርቆሮ በየጊዜው መክደን አያስፈልገውም። ገሳውን ፕላስቲክ ተክቶታል፤ የሣር ገመዱን ናይለን። ጓሳን ለአራት መቶ ዓመት ያስጠበቀው ጥቅም በአንድ ትውልድ እየተሸረሸረ ነው። ግጦሹና ማገዶው ገና አሉ፤ የጎብኚ ገንዘብም መንገዱ ሰላም በሆነባቸው ዓመታት ጥቂት ይገባል። ነገር ግን ሣሩ ለጣራ በማይፈለግበት ዘመን ተራራውን የሚዘጋ አዋጅ ሁሉም እሺ ብሎ የሚሰማው ለምን ብሎ ነው? ኮሚቴው ይህን ጥያቄ ካሁኑ ሊነጋገርበት ይገባል፤ መልሱ በቀበሮው ፍቅር ብቻ ከተሰጠ አይዘልቅም። ሌላው አደጋ ውሻ ነው። እረኛ ይዞት የሚወጣው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮው ያሻግራል፤ ባሌ ላይ በሽታው ደጋግሞ ገብቶ በርካታ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ጥቂት አሥሮች ብቻ ባሉበት ጓሳ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ዓመት በቂ ነው።

ስለዚህ ወደ ጓሳ ለመውጣት ያሰበ አንባቢ ጋቢውን ያጥፍ፣ ውሻ ካለው እቤቱ ይተወው። መሐል ሜዳ ሲደርስም ቀበሮው የት እንደሚታይ ከመጠየቁ በፊት ሣሩ ዘንድሮ መቼ እንደሚከፈት ይጠይቅ።